ገበያው አልቀበልም ያለው ብር

በአጼ ምኒልክ ዘመን መቶ ብር ያለበት የወሎ ነጋዴ ዕዳውን በአሞሌ ጨው ልክፈል ቢል ስንት በቅሎ ያስፈልገው ነበር? በዚያ ዘመን የመጡ መንገደኞች በሸዋና በአካባቢው አንድ ጠገራ ብር በአምስት ስድስት አሞሌ ሲመነዘር አይተዋል። ምንዛሬው ከገበያ ገበያ፣ ከበጋ ክረምት ይለያያል። በአምስት እንኳ ብናሰላው መቶ ብር 500 አሞሌ ነው። አንዱ አሞሌ ከግማሽ ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ሰውዬው ከሁለት ኩንታል ተኩል የማያንስ ጨው ጭኖ መምጣት አለበት። ሦስት አራት በቅሎ፣ ነጂና ጫኝ ሲጨመርበት ዕዳ መክፈሉ ራሱ ሌላ ዕዳ ያመጣል። ያው መቶ ብር በጠገራ ሲሆን ሦስት ኪሎ አይሞላም፤ በአንዲት ከረጢት ይያዛል።

ታዲያ ጨው ለምን ከገበያ አልወጣም? ጠገራው ትልቅ ስለነበር ነው። በሬና በቅሎ ለሚሸጥ ሰው ጠገራ ይመቻል። አንዲት እናት አንድ ቁና ምስር፣ ጥቂት በርበሬና ሽንኩርት ገዝታ ልትመለስ ስትወጣ ግን ጠገራ ብር ይዛ ብትሄድ መልስ የሚሰጣት አታገኝም። አሞሌው ለእሷ የሚሆን ገንዘብ ነው። ካስፈለገም ይሰበራል። የተሰበረ አሞሌ ከሙሉው ይረክሳል፣ ዝናብ የነካው ይሟሟል፣ ጭስ ካለበት ጣሪያ ሥር ካልተሰቀለ ክረምቱን አይዘልቅም፤ ይህን ሁሉ እያወቁም ይዘውታል። መጨረሻ ላይ ገንዘብነቱ ቢቀር እንኳ ወጥ ውስጥ ይገባል፣ ከብትም ይልሰዋል። ከመንግሥት ገንዘብ መካከል ይህን ዋስትና የሚሰጥ የለም። በአንዳንድ አገር ደግሞ የጠመንጃ ጥይት እንደ ዝርዝር ያገለግል ነበር፤ እሱም በራሱ ጥቅም የሚፈለግ ነገር ነው።

ራስ ሚካኤል በ1880ዎቹ ደሴን ዋና መቀመጫቸው ሲያደርጉ ከጦሳ ተራራ ሥር የተዘረጋው ገበያ በእነዚህ ሁሉ ይሠራ ነበር። ከሰሜን የየጁና የትግራይ መንገድ፣ ከደቡብ የወረ ኢሉና የሸዋ፣ ከምሥራቅ ደግሞ ከአፋር ቆላ ተነስቶ በባቲ አድርጎ የቦርከናን ሜዳ፣ የዛሬዋን ኮምቦልቻ፣ አቋርጦ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ደሴ ላይ ይገናኛሉ። ከቆላ ጨውና ከብት፣ ከደጋ እህልና ማር፣ ከባሕር ማዶ ጨርቅ ይመጣል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚነግድ ሰው ገንዘብን የሚመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይህን ነገር ከዚህ ወዲያ የሚቀበለኝ ማን ነው? ከዚህ በታች ያለው ታሪክ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ አይወጣም።

ጠገራው ይህን ጥያቄ ያለፈ ገንዘብ ነው። በፊቱ ላይ ጸጉሯን በመጋረጃ የሸፈነች፣ ትከሻዋ ላይ ባለ ዕንቁ ጌጥ የሰካች ወፍራም ሴት አለች፤ የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ። ከደረቷ ሥር ሁለት ትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ ኤስ እና ኤፍ፣ ተቀርጸዋል። በጀርባው ባለ ሁለት ራስ ንስርና 1780 የሚል ዓመት አለ። በጠርዙ ዙሪያ በላቲን «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ጎላ ብሎ ይዞራል። ይህ ጽሑፍ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ጠርዙን የሚፍቅ ወይም የሚሸርፍ ሌባ ወዲያው እንዲታወቅ የተደረገ መከላከያ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ጥቂት ሲያልፍ፣ ከስድስት አምስት እጁ ንጹሕ ብር ነው።

1780 ንግሥቲቱ ያረፈችበት የፈረንጆች ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ቪየና፣ ቬኒስና ሌሎችም ከተሞች ይህንኑ ብር ሲያትሙ ዓመቱን አልለወጡም። ምክንያቱን ለማወቅ የቀይ ባሕርን ነጋዴ መመልከት ይበቃል። አንድ ጊዜ ያመነው መልክ ቅንጣት ከተለወጠበት ይጠረጥራል። የአገራችንም ሰው ጠገራውን ሲቀበል ያገላብጠዋል፤ የዘውዱንና የትከሻ ጌጡን ነጠብጣብ ይቆጥራል፣ ፊደላቱ መኖራቸውን ያያል፣ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ይሰማል። ያረጀና የለሰለሰ፣ ወይም ነጠብጣቡ የጠፋ ብር ይመለሳል፣ ካልሆነም በቅናሽ ይያዛል። ማንም ያላዘዘው ይህ ምርመራ ከየትኛውም አዋጅ ይልቅ የጠበቀ ሕግ ነበር።

ምኒልክ የራሳቸውን ገንዘብ ያወጁት በየካቲት 1885 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነው። የአገር ክብር አለበት፤ ነጻ መንግሥት በሞተች የባዕድ ንግሥት መልክ ሲነግድ መታየት የለበትም። የንግድም ጥቅም አለበት፤ ዝርዝር ገንዘብ ከወጣ ጨው መጫን ይቀራል። ሥራው ለፓሪስ ማተሚያ ቤት ተሰጠ፤ መልኩን የቀረጸው የቤቱ ዋና ቀራጭ ዣን ላግራንዥ ነበር። 1887 የሚል ዓመት ይዘው የመጡት ብሮች በአንድ ፊት ዘውድ የደፉትን ንጉሠ ነገሥት፣ በሌላው የይሁዳን አንበሳ ያሳያሉ። ከብሩ ሥር አላድ፣ ሩብና ተሙን ነበሩ፤ ግማሽ፣ አንድ አራተኛና አንድ ስምንተኛ። ከዚያም ግርሽና ቤሳ ይከተላሉ።

የምኒልክ ብር ከማርያ ቴሬዛ ብር በጥራት አያንስም፤ እንዲያውም ይበልጣል። ክብደቱ 28.075 ግራም፣ ንጥረቱ ከሺህ 835 ነው። የጠገራው 28.067 ግራም እና 833 ነው። ተሰልቶ ሲታይ በአንዱ የምኒልክ ብር ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር ከጠገራው በመቶኛ ግራም አምስት ያህል ይበልጣል። ልዩነቱ ከምንም አይቆጠርም፤ ግን ንጉሡ ሕዝቡን አላታለሉም። ገንዘብ አቅጥነው ትርፉን ወደ ግምጃ ቤት ካስገቡ ነገሥታት ብዛት አንጻር ይህ የሚመሰገን ነገር ነው።

ገበያው ግን አልቀበልም አለ። አዋጅ ተነገረ፣ ተደጋገመ፤ ጠገራው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ የአገሪቱ ዋና ገንዘብ እሱ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሕዝቡ ወግ አጥባቂነት ነው ይሉታል። እኔ አልስማማም። የደሴው ነጋዴ ጨርቁን የሚገዛው ከምጽዋ፣ ከአሰብ፣ ከጅቡቲ ከመጣ ሰው ነው። ያ ሰው ዕቃውን ያመጣው ከኤደን ነው። ኤደን ያለው ባለ ሱቅ የምኒልክን መልክ አያውቅም፣ ማወቅም አይጠበቅበትም፤ የሴትዮዋን መልክ ግን አያቱም ያውቁት ነበር። ስለዚህ የምኒልክ ብር ከወደብ ሲደርስ ከገንዘብነት ወርዶ በክብደቱ የሚሸጥ ብረት ይሆናል። ይህን እያወቀ በእኩል ዋጋ የሚለውጥ ነጋዴ ካለ ነጋዴ አይደለም። በዚህ ላይ መንግሥት ራሱ ግብሩን በእህል፣ በማር፣ በከብት፣ በጠገራም ይቀበል ነበር። በአዲሱ ብር ካልሆነ ግብር አልቀበልም ያለ የለም። ብሩ ከቤተ መንግሥት ወጣ እንጂ ወደ ቤተ መንግሥት የሚመለስበት መንገድ አልተሠራለትም።

ይህን የሚያጠናክር ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ እንሂድ፤ ጃፓን። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ያሳተሙት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» እንደሚመሰክረው የዘመኑ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ጃፓንን በአድናቆት ይመለከቱ ነበር። የሚያደንቁት ግን የሜይጂን ዘመን፣ ባቡሩንና ጦሩን ነው። የጥንቷ ጃፓን መንግሥት ገንዘብ ላውጣ ብሎ የተንገላታበትን ታሪክ ቢያውቁት የበለጠ ይጠቅማቸው ነበር ብዬ አስባለሁ።

በሰባተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጃፓኖች በሩዝ፣ በጨርቅና ጽሑፍ በሌለባቸው ክብ የብር ቁርጥራጮች ይገበያዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ683 ንጉሠ ነገሥት ተንሙ ከእንግዲህ በመዳብ ሳንቲም እንጂ በብር አትገበያዩ የሚል ትእዛዝ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አሱካ በተባለ ቦታ ቁፋሮ ሲካሄድ ፉሆንሰን የሚባሉ የመዳብ ሳንቲሞች ከነመሥሪያ ቤታቸው ስለተገኙ ትእዛዙ ባዶ ቃል እንዳልነበረ ታወቀ። በሰፊው የወጣው ገንዘብ ግን ቀጥሎ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ708 ሙሳሺ በሚባለው አውራጃ፣ ቺቺቡ ላይ፣ የተፈጥሮ መዳብ ተገኘ። ግዛቱን የያዘችው ንግሥተ ነገሥታት ገንሜይ በዚህ ተደስታ የዘመኑን ስም እንኳ በመዳቡ ሰየመች፤ በዚያው ዓመት ዋዶ ካይቺን የተባለው ሳንቲም ታተመ። ክብ ነው፤ መሐሉ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለው፤ በቀዳዳው ዙሪያ አራት የቻይና ፊደላት አሉ። አምሳያው የቻይናው የታንግ መንግሥት በ621 ያወጣው ሳንቲም ነው። መጀመሪያ በብር፣ ጥቂት ወራት ቆይቶ በመዳብ ታተመ፤ ብሩ ወዲያው ተሻረ።

ጊዜው ያለ ምክንያት አልተመረጠም። መንግሥት ዛሬ ናራ በምንላት ቦታ አዲስ ዋና ከተማ ሊቆረቁር ነበር፤ በ710 ገባባት። ቤተ መንግሥትና መቅደስ የሚሠራ የሰው ጎርፍ ያስፈልጋል፣ ያ ሁሉ ሰው ይከፈለዋል። በሩዝ መክፈል ሩዙን ማጓጓዝ ነው። ሳንቲም ግን እዚያው ይታተማል። በ711 መንግሥት አንድ ሳንቲም በስድስት ሾ (ሾ የጃፓኖች መስፈሪያ ነው) ያልተፈተገ ሩዝ እንዲመነዘር ወሰነ። ምንዛሬውን ያወጣው ገበያ ሳይሆን ቤተ መንግሥት ነው። በሳንቲሙ ውስጥ ያለው መዳብ ብቻውን ይህን ያህል ሩዝ አይገዛም፤ ልዩነቱ የመንግሥት ትርፍ ነው። ትርፉን ሌላውም አየው። የሐሰት ሳንቲም ማተም ወዲያው ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ቅጣቱ እስከ ሞት ደረሰ።

ሕዝቡ ሳንቲሙን ለምን ይውሰድ? ጃፓኖች ያመጡት መልስ ፈገግ ያሰኛል። በ711 የወጣ ሌላ ሕግ የተወሰነ መጠን ሳንቲም አጠራቅሞ ለመንግሥት ላቀረበ ሰው ማዕረግ እንሰጣለን አለ። እኛ ዘንድ ቢሆን፣ ይህን ያህል የምኒልክ ብር ይዞ ለመጣ ግራዝማችነት፣ ከዚያ በላይ ላመጣ ቀኝ አዝማችነት እንደማለት ነው። ሰው በእርግጥም ሳንቲም መፈለግ ጀመረ። የፈለገው ግን ለሣጥን ነው። ማዕረግ ያማረው ባላባት ያገኘውን ሁሉ ሲያከማች ለገበያ የታሰበው ገንዘብ ከገበያ ጠፋ። ሕጉን ለመሻር እስከ 800 ድረስ ቆዩ። በ712 ደግሞ መንገደኞች ስንቅ በመሸከም ፈንታ ሳንቲም ይዘው በየመንገዱ ምግብ እንዲገዙ የሚያበረታታ ትእዛዝ ወጣ፤ ከዋና ከተማው ራቅ ባለ መንገድ ግን በሳንቲም ሩዝ የሚሸጥ ማግኘት ሌላ ጉዳይ ነው።

ከሁሉም ለወሎ ሰው የሚቀርበው የ714ቱ ሕግ ነው። ትክክለኛ የመንግሥት ሳንቲም መሆኑን እያወቀ ይህን እወስዳለሁ፣ ያንን አልወስድም ብሎ የሚመርጥ ሰው መቶ በትር እንዲመታ ታዘዘ። ይህ ሕግ የወጣው ሰዎች ይመርጡ ስለነበር ነው። የናራው ቸርቻሪ የሳንቲሙን ፊደል ጥራትና የመዳቡን መልክ አገላብጦ ሲያይ፣ የደሴው ነጋዴ ከ1,100 ዓመት በላይ ቆይቶ የንግሥቲቱን ዕንቁ ሲቆጥር ሁለቱም አንድ ሥራ ይሠራሉ። በትር ይህን አያስቆምም። ገንዘብን የሚመረምር ሰው ሕግ ለማፍረስ ብሎ አይደለም፤ ራሱን እየጠበቀ ነው።

መንግሥት በበኩሉ ለመምረጥ ምክንያት እየጨመረላቸው ሄደ። በ760 አዲስ ሳንቲም አወጣና አንዱ በአሮጌው አሥር ይመነዘራል አለ። መጠኑ ግን አሥር እጥፍ አልነበረም። ከዚያ በኋላም ይህንኑ ደጋገመው፤ አዲስ ስም፣ አዲስ ፊደል፣ አንዱ በአሥር። በየጊዜው ሳንቲሙ እየጠበበ፣ መዳቡ እየሳሳ፣ እርሳሱ እየበዛ ሄደ። አሥራ ሁለተኛው የወጣው በ958 ነው፤ የመጨረሻው እሱ ሆነ። ሕዝቡ ወደ ሩዝና ጨርቅ ተመለሰ። ኋላም ከቻይና በመርከብ የሚገቡ የሶንግ መንግሥት ሳንቲሞች የገበያውን ቦታ ያዙ። የጃፓን መንግሥት እንደገና ጠንካራ የራሱን የመዳብ ሳንቲም ለማውጣት ከ600 ዓመት በላይ ፈጀበት፤ ጃፓኖችም የዚያን ዘመን አብዛኛውን ክፍል በሌላ አገር ንጉሥ ስም በታተመ ገንዘብ ነገዱ። ከማርያ ቴሬዛ ጋር ያለን ቁርኝት ከሥልጣኔ የመራቅ ምልክት ነው ለሚል ሰው ይህን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል።

ሁለቱ ታሪኮች ግን አንድ አይደሉም። ጃፓን ያላትን ሰጥታ፣ ደመወዝ ከፍላበት፣ ገንዘቧን በራሷ እጅ አራከሰች። ምኒልክ ገንዘባቸውን አላረከሱም፤ የሚፈለግበትን በር ሳይከፍቱ ነው ያወጡት። የናራው ሳንቲም በዋና ከተማውና በዙሪያው ለጥቂት ጊዜ እውነተኛ ገንዘብ መሆን የቻለው ደመወዝም፣ ግብርም፣ ቅጣትም በእሱ ስለተከፈለ ነው። የእኛዎቹ አክሱማውያን ደግሞ ይህን ችግር ከሁሉ ቀድመው ያወቁት ይመስላል። በሦስተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ንጉሥ ኢንዱቢስ በወርቅና በብር ካተሙ በኋላ ለተራው ገበያ የሚሆን የነሐስ ሳንቲም በብዛት ወጣ። በአንዳንዶቹ ነሐሶች ላይ በግሪክኛ የተጻፈው ቃል ትርጉሙ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» ነው። ገንዘብ አውጥቶ ደስ ይበላችሁ ብሎ የሚለምን ንጉሥ የገበያን ጉልበት ያውቃል።

ወደ ምኒልክ ዝርዝር እንመለስ፤ ነገሩ የሚጣፍጠው እዚያ ነው። ትልቁ ብር ቢወድቅም ትንንሾቹ ቀስ በቀስ ገቡ፤ ምክንያቱም ለእነሱ ተወዳዳሪ ጠገራ አልነበረም፤ ተወዳዳሪያቸው ጨው ነበር። እዚህም ላይ መንግሥት መጀመሪያ ሂሳቡን ሳተ። አንድ ብር 20 ግርሽ እንዲሆን ተወሰነ። ገበያው ግን ነገርን የሚከፍለው በግማሽ በግማሽ ነው፤ ብር ሲገመስ አላድ፣ አላድ ሲገመስ ሩብ፣ ሩብ ሲገመስ ተሙን። ተሙንን በ20 ግርሽ ሂሳብ ስንት ግርሽ ነው ብላችሁ ብታሰሉ ሁለት ተኩል ይመጣል። በእጅ ጣት የሚቆጥር ባለ ጉሊት ለእያንዳንዱ ተሙን ግማሽ ግርሽ የሚያሟላ ቤሳ መፈለግ ሊኖርበት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1903 ገደማ ጀምሮ ሂሳቡ ተቀየረ። ብሩ 16 ግርሽ፣ ግርሹ ሁለት ቤሳ ሆነ። አሁን ተሙን ሁለት ግርሽ ነው፣ ሩብ አራት፣ አላድ ስምንት። በአጭሩ መንግሥት የገበያውን ሂሳብ ተቀበለ። አዲስ አበባ ላይ የተተከለው ማተሚያም በዚህ ሂሳብ ግርሽ ማተም ጀመረ። በመላው የምኒልክ የገንዘብ ታሪክ ውስጥ ከዚህች ትንሽ ማስተካከያ የበለጠ ብልህ ውሳኔ አላየሁም።

ቀጥሎ ባንክ መጣ። የአቢሲኒያ ባንክ በየካቲት 1898 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር የማተምና የወረቀት ገንዘብ የማውጣት መብት ተሰጠው። በእርግጥ ወረቀት ያወጣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ እሱም ከዋና ከተማውና ከባቡር መስመሩ እምብዛም አልራቀም። በ1923 ዓጼ ኃይለ ሥላሴ ይህን ባንክ ሽረው የኢትዮጵያ ባንክን ሲያቋቁሙ ከቅርንጫፎቹ አንዱ ደሴ ላይ ተከፈተ። በዚያው ዓመት የተቀረጹት የመዳብና የኒኬል ሳንቲሞች፣ አንዱ ከብር መቶኛ የሆኑት ማቶኛዎች፣ ከአልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን የግዛት መቀመጫ ከደሴ ገበያ ደረሱ። ያም ሆኖ የባንኩ ወረቀት ራሱ የሚቆጠረው በጠገራ ነበር። ወረቀቱን የያዘ ሰው ዋስትናው ባንኩ ሣጥን ውስጥ ያለው የማርያ ቴሬዛ ብር ነው።

ጣሊያኖች ይህን ከማንም በላይ አውቀውት ነበር። በ1927፣ ከመውረራቸው በፊት፣ የጠገራውን ማተሚያ መልክ ከኦስትሪያ ወሰዱና ሮማ ላይ ማተም ጀመሩ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴን በቦምብ የደበደበ፣ ሚያዝያ 7 ቀን ደግሞ የገባባት ጦር በስንቅ መኪናው የሞተች የኦስትሪያ ንግሥት መልክ ያለበት ብር ይዞ ነበር፤ ለባንዳ ደመወዝ፣ ለእህልና ለከብት መግዣ። ከድል በኋላ ግን ሊራ ብቻ ይሁን አሉ። የጠገራውን ምንዛሬ ዝቅ አድርገው ወሰኑ፤ ገበሬው እህሉን ደበቀ፣ ጠገራውንም ቀበረ፤ እነሱም ምንዛሬውን ደጋግመው ከፍ ለማድረግ ተገደዱ። ለምሥራቅ አፍሪካ ብቻ የታተመ ልዩ የሊራ ወረቀትም መጣ። አስፋልቱን ከአሰብ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ የዘረጉት መንገድ ሠራተኞች በሊራ ተከፈሉ፤ ሊራውም ጣሊያኑ ባለበት ሱቅ ድረስ ብቻ ሠራ። ከዚያ ወዲያ፣ ገጠር ሲገቡ፣ የሴትዮዋ መልክ ካልታየ እንቁላል አይሸጥም ነበር። ከናራ ወጣ ሲሉ ዋዶ ካይቺን እንደማይሠራው ሁሉ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ጃፓን በራሷ ሕዝብ ላይ ያደረገችውን ጣሊያን በወረራ ማድረጓ ነው።

ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ደሴ ነጻ ስትወጣ ገበያው የገንዘብ ዓውደ ርእይ መሰለ። ሊራው አለ፣ ጠገራው ከተቀበረበት ወጣ፣ የእንግሊዝ ጦር የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ የሕንድ ሩፒና የግብፅ ፓውንድ ይዞ መጣ። በአንድ ቀን የእነዚህን ሁሉ ምንዛሬ ማወቅ ያልቻለ ነጋዴ ይከስር ነበር።

መውጫው የተገኘው በ1937 ነው፤ የተገኘውም በባንክ ብቻ አይደለም። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ አሥራትን በእህል መስጠት አስቀርቶ በገንዘብ እንዲተካ አደረገ፤ ወሎም በጋሻ ሂሳብ ከሚከፍሉት ጠቅላይ ግዛቶች አንዱ ነበር። መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ተመደበ፣ ለየምድቡ ብር ተቆረጠለት። ሐምሌ 16 ቀን ደግሞ አዲሱ ብር ታወጀ፤ አንዱ በሁለት ሽልንግ ይመነዘር ነበር። ምኒልክ ያልሠሩት በር ይህ ነው። ገበሬው ጤፉን ገበያ አውጥቶ ሸጦ በመንግሥት ገንዘብ ግብር ካልከፈለ መሬቱ አይጸናለትም። እህል ገዢው ደግሞ ይህን ስለሚያውቅ ብሩን ይዞ ይመጣል። ገበሬውን የጠቀመ ነው እያልኩ አይደለም፤ በመከር ሰሞን፣ እህል በረከሰበት ወር፣ ለግብር ብሎ መሸጥ ብዙ ቤት ጎድቷል። ብሩን ገንዘብ ያደረገው ግን ይህ ግዴታ ነው።

መንግሥት ያም ሆኖ የሕዝቡን የብር ፍቅር አልናቀም። ወረቀቱን ሲያወጣ አብሮ ባለ 50 ሣንቲሙን፣ ሰው ሽልንግ ያለውን፣ ከእውነተኛ ብር አሳተመው፤ ብሩን አሜሪካኖች በጦርነቱ ዘመን የብድር ዝግጅት መሠረት ሰጡ። ንጥረቱ ከሺህ 800 ነበር። ወረቀቱን የተጠራጠረ ሰው ቢያንስ ዝርዝሩን ይነክሰዋል ተብሎ ነው። የሆነው ሌላ ነው። ሕዝቡ ወረቀቱን አውጥቶ ሽልንጉን አስቀረ። እንደ ጠገራው ሁሉ ሽልንጉም ሣጥን ገባ፣ አንጥረኛ ዘንድ ሄዶ የእጅ አምባርና የአንገት ጌጥ ሆነ፤ ሰኞ ባቲ ገበያ የሚወጣ ሰው ዛሬም በአፋርና በኦሮሞ ሴቶች አንገት ላይ ጠገራ አያጣም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሽልንጉ ንጥረት ወደ 700 ወረደ። አንዳንድ አጭበርባሪም የመዳቡን ስሙኒ በብር ቀለም እየነከረ ሽልንግ ነው ብሎ ማሳለፍ ጀመረ፤ መንግሥት ስሙኒውን ጠርዙ የተሸራረፈ አበባ አስመስሎ እንዲያሳትመው ያስገደደው ይህ ነው።

በዚያ ዘመን ሳንቲሞች ላይ የተቀረጸው ዓመት 1936 ነው። አንድ ሳንቲም፣ አምስት፣ አሥር፣ ስሙኒ፣ ሁሉም። አዳዲሶቹ በ1940ዎቹ፣ በ1950ዎቹ ሲታተሙም 1936 እንዳለ ቀረ። አዲስ ቁጥር የመቅረጽ ወጪ ነው የሚያሳስባቸው እንዳይባል፣ ማተሚያው ሲታደስ እንኳ አልቀየሩትም። ከቪየና የወረሱት ዘዴ ይመስለኛል፤ ሰው ያመነውን መልክ አትንካ።